ዋንጫው እንዴት ተገኘ?

ኢትዮጵያ የአፍሪካን የእግር ኳስ ዋንጫ የወሰደችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቀኑ እሑድ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነበር። ቦታው አዲስ አበባ ነው። የተጋጠመችው ከግብጽ ጋር ነው። ውጤቱ አራት ለሁለት ሆነ።

ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። ሽማግሌዎች ሲያወሩት ሰምተናል። ነገር ግን «እንዴት ተገኘ?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። «ጀግኖች ስለ ነበሩ ነዋ!» ብሎ ማለፍ ይቀላል። ጀግንነታቸው አይካድም። ግን ግብጾቹም ጀግኖች ነበሩ፤ ያውም ከዚያ በፊት ሁለት ዋንጫ የበሉ! ስለዚህ ጨዋታውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በደቂቃ እየቆጠርን እንመልከተው። መደመርና መቀነስ የለመዳችሁ እርሳስ ያዙ።

አስቀድመን ግን ለእኛ አገር ሰው ከሚቀርበው ጨዋታ እንነሳ። በመርጡለ ማርያም፣ በሞጣ፣ በቢቸና ገናን የማያውቅ የለም። በታኅሣሥ እህሉ ታጭዶ ሜዳው ገለጥ ይላል። የልደት ዕለት ከሰዓት በኋላ አንዱ መንደር ከሌላው መንደር ይሰለፋል። ሁሉም ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ይይዛል። ዱላውም ገና ነው፤ ጨዋታውም ገና ነው፤ በዓሉም ገና ነው። ሩሯን እየመታ ወደ ባላጋራው ወሰን ያደረሰ ወገን ያሸንፋል። ሩር ማለት ከእንጨት ወይም ከጠፍር የምትሠራዋ ድቡልቡል ናት፤ ጥንግ የሚሏትም አሉ። የተጫዋች ቁጥር አይወሰንም። የመጣው ሁሉ ይገባል።

ገናን ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ጀማሪው ሁሉ ሩሯን ይከተላል። ሩሯ ወዳለችበት ይሮጣል፤ ሃያው ሰው አንድ ቦታ ላይ ይጋፋል፤ ዱላ ከዱላ ይጋጫል፤ አቧራ ይነሣል። አዋቂው ግን ራቅ ብሎ ይቆማል። ሰነፍ ይመስላል። ሩሯ ከግርግሩ ሾልካ ስትወጣ ግን እሱ ዘንድ ትደርሳለች። ከዚያ ወዲያ ፊቱ ያለው ባዶ ሜዳ ነው። ማን ይደርስበታል?

የእግር ኳስም ዘዴ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ ሰዉ በቁጥር መሆኑ ነው፤ አሥራ አንድ ባሥራ አንድ። አንዱ ግብ ይጠብቃል፤ በረኛ ይባላል። ሌሎቹ በየፊናቸው ይቆማሉ፤ የሚከላከል አለ፣ መሐል ሆኖ የሚያቀብል አለ፣ ወደፊት ሄዶ የሚያገባ አለ። አለቃቸው አምበል ይባላል። ጨዋታው 90 ደቂቃ ነው፤ በ45 እና በ45 ይከፈላል። ሁለቱ እኩል ከወጡና አሸናፊ የግድ ካስፈለገ 30 ደቂቃ ይጨመራል። ይህችን 30 ደቂቃ አስታውሷት።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። በኢትዮጵያና በግብጽ መካከል የቆየ ሒሳብ ነበር።

የአፍሪካ የእግር ኳስ ማኅበር የተቋቋመው በየካቲት ወር 1949 ዓ.ም. በካርቱም ከተማ ነው። መሥራቾቹ አራት አገሮች ነበሩ፤ ግብጽ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። የመጀመሪያው ዋንጫም እዚያው ካርቱም ላይ ተዘጋጀ። የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ግን ጥቁርና ነጭ በአንድ ቡድን አብረው አይጫወቱም አለ። በዚህ ምክንያት ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች፤ የቀሩት ሦስቱ ተጫወቱ። ኢትዮጵያ የምትጋጠመው ከደቡብ አፍሪካ ጋር ስለ ነበረ በቀጥታ ለፍጻሜው ጨዋታ አለፈች። እዚያ የጠበቀቻት ግብጽ ናት። ግብጽ አራት ለባዶ አሸነፈች። አራቱንም ያገባው አንድ ሰው ነው፤ ዲያብ አል አታር ይባላል፤ «አድ ዲባ» እያሉ ይጠሩታል።

(ይህ ሰው በኋላ ዳኛ ሆነ። በ1960 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኮንጎና ጋና ለዋንጫ ሲጋጠሙ ፊሽካውን የነፋው እሱ ነው። ባገባበት ውድድር ተመልሶ መዳኘት ለስንቱ ይደርሰዋል?)

ሁለተኛው ውድድር በ1951 ዓ.ም. በካይሮ ሆነ። ግብጽ ኢትዮጵያን አሁንም አራት ለባዶ አሸነፈች። ከአራቱ ሦስቱን ያገባው ማሕሙድ አል ጎሐሪ ነው። ዋንጫውም ግብጽ ዘንድ ቀረ።

እንግዲህ ደምሩ። አራትና አራት ስምንት ነው። በዚህ ዋንጫ ግብጾች ስምንት አግብተዋል፤ እኛ አንድም አላገባንም። 1954 ዓ.ም. ሲመጣ የነበረው ሒሳብ ይህ ነው። ሦስተኛው ውድድር በገዛ ቤታችን ሊደረግ ነው። እንግዳ ጠርቶ በገዛ ደጁ መሸነፍ ምን እንደሚመስል ገና የተጫወተ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዓመቱን ሙሉ ሲሰደብ ይከርማል።

ለውድድሩ አራት አገሮች ቀረቡ፤ ኢትዮጵያ፣ ግብጽ፣ ቱኒዚያና ኡጋንዳ። ያን ጊዜ ግብጽ የምትጠራው «የተባበሩት ዓረብ ሪፐብሊክ» ተብላ ነበር። ኢትዮጵያ ጥር 6 ቀን ከቱኒዚያ ጋር ተጫወተች። ቱኒዚያ ሁለት ለባዶ መራች። ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ አራት አገባች፤ አራት ለሁለት አሸነፈች። ግብጽ ደግሞ ጥር 10 ቀን፣ የከተራ ዕለት፣ ኡጋንዳን ሁለት ለአንድ አሸነፈች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከጥር 6 እስከ ጥር 13 ሰባት ቀን ነው። ከጥር 10 እስከ ጥር 13 ግን ሦስት ቀን ነው። የኛዎቹ አንድ ሳምንት ዐረፉ፤ የግብጾቹ እግር ግን ገና ከድካም አልወጣም። ይህን መናገር የኛዎቹን ዋጋ አይቀንስም። የሆነውን እንደሆነው መጻፍ ይሻላል።

የኢትዮጵያ ቡድን አሠልጣኝ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። እሳቸው ራሳቸው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ለብዙ ዓመት ተጫውተዋል። በካርቱም የአፍሪካው ማኅበር ሲቋቋም ከነበሩት ሰዎችም አንዱ ናቸው። በኋላ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ነበሩ።

አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ይባላል። በአስመራ ተወለደ። አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት ናቸው። ይጫወት የነበረው ለድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድን ነው። ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎም በቡድኑ ውስጥ ነበር። ከውድድሩ በፊት «ክልስ አምበል መሆን የለበትም» የሚሉ ሰዎች እንደ ነበሩ፣ አቶ ይድነቃቸውም «አይሆንም» ብለው እንደመለሷቸው ይነገራል። እኛ ስናስበው ይህ ውሳኔ ከሜዳው ውሳኔዎች ሁሉ ይበልጣል። ለምን እንደሆነ በ84ኛው ደቂቃ ላይ ታዩታላችሁ።

በረኛው ጊላ ሚካኤል ተክለ ማርያም ነበር። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን የመጣው መንግሥቱ ወርቁም ነበረ። መንግሥቱ በውድድሩ ሦስት ግብ አግብቷል። ከግብጽ ወገን ደግሞ ባዳዊ አብደል ፋታሕ እንዲሁ ሦስት አግብቷል። በግብ ብዛት ከነዚህ ከሁለቱ የበለጠ አልነበረም። የፍጻሜው ጨዋታ የነዚህ የሁለቱም ፍልሚያ ነበር ማለት ይቻላል።

ፊሽካው ተነፋ። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ማንም አላገባም። በ35ኛው ደቂቃ ባዳዊ አገባ። ግብጽ አንድ፣ ኢትዮጵያ ባዶ። ለዕረፍት ሲወጡም እንዲሁ ነበር።

አንድ ቡድን ሲመራ ተመሪው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ሁሉም ተግተልትሎ ወደፊት መሄድ ነው፤ በገና ጀማሪው የሚያደርገውን ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ከኋላ ሰው አይኖርም፤ ባላጋራው በባዶው ሜዳ ይመጣና ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ያገባል። በካርቱምና በካይሮ ውጤቱ አራት አራት የደረሰው ባንድ ጊዜ አልነበረም፤ በአንዱ ላይ ሌላው እየተጨመረ ነው። ሁለተኛው መንገድ ቦታን ሳይለቁ መጠበቅ ነው። ይህ ከባድ ነው። ሕዝቡ «ሂድ! ግፋ!» እያለ ሲጮህ በቦታው የሚቆም ሰው ብርቱ ልብ ያስፈልገዋል።

በ1954ቱ ጨዋታ ግብጽ ከ35ኛው እስከ 74ኛው ደቂቃ ሁለተኛ ግብ አላገኘችም። ከ74 ላይ 35 ቀንሱ፤ 39 ደቂቃ ነው። ለኛ ይህች 39 ደቂቃ ከግቦቹ እኩል ትታየናለች። ግብ ያገባ ሰው ስሙ ይጠራል። ግብ እንዳይገባ ያደረገ ሰው ስሙ የሚጠራው አልፎ አልፎ ነው። ክፍሎም አርአያ፣ አስመላሽ በርሔ፣ አዋድ መሐመድ የሚባሉትን ስንቶቻችን እናውቃለን?

በ74ኛው ደቂቃ ተክሌ አገባ። አንድ እኩል!

ይህች ግብ ምን ማለት እንደሆነች አስቡት። በካርቱም 90 ደቂቃ፣ በካይሮ 90 ደቂቃ፣ አሁን ደግሞ 74 ደቂቃ። ሲደመር 254 ደቂቃ ይሆናል። በዚህ ዋንጫ ኢትዮጵያ በግብጽ ላይ አንዲት ግብ ለማግባት የፈጀባት ጊዜ ይህን ያህል ነው። ከአራት ሰዓት በላይ ማለት ነው እኮ!

ታዲያ ደስታው አንድ ደቂቃ እንኳ አልቆየም። በ75ኛው ደቂቃ ባዳዊ እንደገና አገባ። ግብጽ ሁለት፣ ኢትዮጵያ አንድ።

ሰው ደስ ሲለው ይዘናጋል። በገና ሜዳም እናየዋለን። አንዱ ወገን ሩሯን አድርሶ ሲጨፍር፣ ዱላውን ወደ ላይ ሲወረውር፣ ሌላው ወገን ቶሎ ብሎ ይነሣል። ጥሩ አጥቂ የሚባለው ይህችን ቅጽበት የሚያውቅ ነው። ባዳዊ አዋቂ ነበር። ጠላትም ቢሆን የሚመሰገንበት ቦታ አለ።

አሁን የቀረው 15 ደቂቃ ነው። ብዙ ቡድን የሚሰበረው እንዲህ ባለ ሰዓት ነው። ብዙ ለፍቶ እኩል ከሆነ በኋላ ወዲያው መመራት ከመጀመሪያው መመራት ይከፋል። እግር ይከብዳል፤ አንዱ አንዱን ይቆጣል። ከዚያ ቀን ስድስት ዓመት ያልሞላቸው ሁለት ሽንፈቶችም ከኋላ ይጎትታሉ።

የአምበል ሥራ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። አምበል ማለት ዳኛው ፊት ቀርቦ እጅ የሚጨብጥ ሰው ብቻ አይደለም። በ84ኛው ደቂቃ ሉቺያኖ አገባ። ሁለት እኩል። ከ75 እስከ 84 ዘጠኝ ደቂቃ ነው። አምበልነት አይገባውም ተብሎ የነበረው ሰው ቡድኑን በዘጠኝ ደቂቃ ውስጥ መለሰው። ለማለቅ የቀረው ስድስት ደቂቃ ነበር።

90 ደቂቃው በሁለት እኩል አለቀ። ሠላሳ ደቂቃ ተጨመረ።

ስለ ደጋ እናውራ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ካይሮ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ናት። ይህን ለማወቅ ለእኛ ካርታ አያስፈልገንም፤ የዓባይን ውሃ ማየት ይበቃል። ከእኛ በታች በበረሃው የሚያልፈው ውሃ ቁልቁል፣ ቁልቁል ብሎ ካይሮ ይደርሳል። ውሃ ደግሞ ሽቅብ አይሄድም። በደጋ አየሩ ሳሳ ይላል። ከቆላ የመጣ ሰው ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል። እኛ ለምደነዋል፤ እሱ ግን አልለመደውም። በመጀመሪያው ሰዓት ብዙ አይታወቅም። ከ90 ደቂቃ ሩጫ በኋላ ግን ያታውቃል። በዚያ ላይ የሦስት ቀን ዕረፍትና የሰባት ቀን ዕረፍት አንድ አይደለም። እንግዲህ ጭማሪው ሲጀመር ውጤቱ እኩል ነበር፤ ትንፋሹ ግን እኩል ነበር ለማለት አንደፍርም።

በ101ኛው ደቂቃ ኢታሎ አገባ። ሦስት ለሁለት። ኢትዮጵያ በግብጽ ላይ በዚህ ዋንጫ ስትመራ ያ የመጀመሪያዋ ነው። ታላቅ ወንድም እኩል አደረገ፤ ታናሽ ወንድም አስቀደመ።

ከ101 እስከ 117 አሥራ ስድስት ደቂቃ አለ። እነዚህ ደቂቃዎች በታሪክ አይወሩም። ጭንቁ ግን እዚያ ነው። የሚመራ ቡድን ዝም ብሎ ወደ ኋላ ተሰብስቦ ቢቆም ባላጋራውን ይጋብዛል። ወደፊት ቢሄድ ከኋላው ይጋለጣል። የኛዎቹ ያን ጊዜም ጥቃቱን አልተዉም፤ ማስረጃው በ117ኛው ደቂቃ የመጣው ነው። መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገባ። የቀረው ሦስት ደቂቃ ነው። ለግብጽ ሁለት ግብ በሦስት ደቂቃ ከየት ይመጣል? ነገሩ አበቃ።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ግብጽ የመራችው ከ35 እስከ 74፣ ከዚያም ከ75 እስከ 84 ነው። 39 እና 9 ሲደመር 48 ደቂቃ ነው። ኢትዮጵያ የመራችው ከ101 እስከ 120 ነው፤ 19 ደቂቃ ብቻ። የቀረው 53 ደቂቃ እኩል ለእኩል ያለፈ ነው። ከ120 ደቂቃ 19 ደቂቃ መርቶ ዋንጫ መውሰድ ይቻላል ማለት ነው፤ 19ኙ የመጨረሻዎቹ ከሆኑ።

ሌላም ቁጥር አለ። ባዳዊ በ75ኛው ደቂቃ ካገባ በኋላ ግብጽ አንድም አላገባችም። ከ75 እስከ 120 አርባ አምስት ደቂቃ ነው። አንድ ሙሉ አጋማሽ ያህል ማለት ነው። በነዚህ 45 ደቂቃዎች ኢትዮጵያ ሦስት አገባች፤ ግብጽ ባዶ። ጊላ ሚካኤልና ከፊቱ የቆሙት ተከላካዮች ከአንድ ደቂቃው መዘናጋት በኋላ በሩን ዘጉት።

ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር ግን ወደ ኋላ አቆይተነዋል። የግብጽን ሁለት ግብ ያገባው ማነው? ባዳዊና ባዳዊ። የኢትዮጵያን አራት ግብ ያገባው ማነው? ተክሌ፣ ሉቺያኖ፣ ኢታሎ፣ መንግሥቱ። አራት ግብ፣ አራት ሰው።

በካርቱም አራቱንም አድ ዲባ ብቻውን ሲያገባ የቻለው ማንም አልነበረም። አንድ ሰው ብዙ ሲያገባ ያስደንቃል። ግን ተከላካይ ሆናችሁ አስቡት። የሚፈራው አንድ ሰው ከሆነ ሁለት ሆናችሁ ትይዙታላችሁ፤ እሱ ከተያዘ ቡድኑ ደረቀ። ከአራት ወገን የሚመጣ ከሆነ ግን ማንን ትይዛላችሁ? መንግሥቱን ስትጠብቁ ሉቺያኖ ይመጣል። ሉቺያኖን ስትከተሉ ኢታሎ ባዶ ሜዳ ያገኛል። መንግሥቱ እስከ 117ኛው ደቂቃ አላገባም። እኛ እንደምንገምተው ሥራ ፈትቶ አልነበረም፤ ብዙ የሚያገባ ሰው በሜዳው ላይ ቆሞ ብቻ ሁለት ተከላካይ ያስራል። ለዚህ ነው አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት። ግብጽ ሸክሙን ሁሉ በባዳዊ ትከሻ ላይ ጫነችው። ባዳዊ 75 ደቂቃ ተሸከመው። ከዚያ በላይ ግን አልሆነለትም።

ጨዋታው እንዳለቀ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ዋንጫውን ለአምበሉ ለሉቺያኖ ሰጡት። ያን ጊዜ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አልነበረም። በገጠር ራዲዮ ያለው ሰውም ጥቂት ነበር። ወሬው ከከተማ በሚመጣ ሰው አፍ ነበር የሚዳረሰው።

ሉቺያኖ ከአብዮቱ በኋላ ከኢትዮጵያ ወጥቶ ጣሊያን አገር ኖረ። በመስከረም 2015 ዓ.ም. እዚያው ሞተ። መንግሥቱ ወርቁ ኳስ ካቆመ በኋላ አሠልጣኝ ሆነ፤ በ2003 ዓ.ም. ዐረፈ። ኢትዮጵያ ከ1974 ዓ.ም. በኋላ ለዚህ ውድድር ለመድረስ 31 ዓመት ፈጅቶባታል፤ የተመለሰችው በ2005 ዓ.ም. ነው።

ዋንጫዋ ራሷ የብር ነበረች። የተሰየመችው በመጀመሪያው የማኅበሩ ፕሬዚዳንት በግብጻዊው በአብደል አዚዝ ሳሌም ስም ነው። ሦስት ጊዜ ያሸነፈ አገር ለዘለቄታው ይወስዳታል ተብሎ ነበር። ግብጽ ሁለት ነበራት፤ ጥር 13 ቀን አንዲት ጨዋታ ቀርታት ነበር። በመጨረሻ በ1970 ዓ.ም. ጋና ወሰደቻት።